የቀሰቀስኳቸው ሃያ ሦስቱ

ሰኞ 4

ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ቢያድር ይፈነዳል እንዴ? ይህን ጠይቆ የማያውቅ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ዛሬ ጠዋት ታላቅ እህቴም ጠየቀችኝ፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ፣ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች።

«ደህና ባትሪ በደህና ቻርጀር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ከሆነ አይፈነዳም። ትራስ ሥር ካልሆነ» አልኳት።

«እኔ ትራሴ ሥር ነው የማሳድረው።»

«እንግዲያው አብረሽው ትፈነጃለሽ።»

ሳቀች፣ መርፌው ወደቀ። ለመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ምርቃቴ ይኸው ሆነ።

ሥራዬ በጦር ሰፈሩ ግምጃ ቤት ነው፣ የሬዲዮ ባትሪ ክፍል። ሲቪል እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ክፍል አለ። አንዱ ባትሪ የሚቀመጥበት፣ ሌላው ባትሪ የሚሞላበት። መሃላቸው ያለው የብረት በር መዘጋት ነበረበት። ግን ማራገቢያው አንድ በመሆኑ ለሁለቱም እንዲደርስ በሩ በጡብ ተደግፎ ክፍት ነው የሚውለው። ይህን መጀመሪያ አስተካክላለሁ። የማስተካክለው ብዙ ነው! ተመርቄ ስምንት ወር ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ እንኳን በር፣ ተራራም ቢሰጡኝ እገፋለሁ።

ሐሙስ 7

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ዘወትር ጠዋት መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ይዞሩና እያንዳንዱን ባትሪ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ይነኩታል፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካ። ሞቅ ያለ ካገኙ «ይህ ትኩሳት አለበት» ይሉና ደጅ ካለው የአሸዋ ሳጥን ውስጥ ያስተኙታል። ሦስት ቀን ይተኛል። ካልበረደ ይወገዳል።

አስር አለቃው (የመገናኛ ክፍሉ ቀልደኛ፣ ለራሱ ለሻለቃውም የማይመለስ) «ዶክተር ትኩሳት» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። «ኢንጂነር፣ አንቺ ደግሞ ሳል ታክሚያለሽ?» አለኝ።

የቮልት መለኪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ጋሼ፣ ይኸ እኮ እስከ መቶኛው ድረስ ይናገራል» አልኳቸው።

«ይናገር። እጄ ደግሞ ያዳምጣል፤ ልጄ።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ቀኑ ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ 12

ለሰፈሩ አዛዥ ለሻለቃው ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የድሮው የመኪና ባትሪ ሙሉ ሆኖ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ የሬዲዮዎቻችን ሊትየም ባትሪ ግን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ በቀዝቃዛ ቦታ መሆን አለበት። ሙሉ ሆኖ በሙቀት ከከረመ ያረጃል፣ ያብጣል፣ ሲብስም ይነድዳል።

አነበቡት። ቀና ብለው «ግማሽ ባትሪ ለግማሽ ወታደር ነው?» አሉ።

«ጦሩ ከመውጣቱ በፊት ባለው ቀን እንሞላዋለን፣ ጌታዬ።»

«ውጣ የሚባለው ከአንድ ቀን በፊት ነው የሚመስልሽ? አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው እኮ።» ወረቀቱን መለሱልኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ የጣራው ቀዳዳ፣ የማራገቢያው ጉዳይ፣ የበሩ ጉዳይ፣ ሁሉም «በሚቀጥለው» ነው።

እህቴ፦ «በሳምንትሽ ዓለምን ልታቀኚ ነው? ወንበርሽ ይሙቅልሽ እስቲ።»

ሰኞ 18

ዝናቡ ሦስት ቀን አላቋረጠም። በማዕዘኑ ጣራ ያፈሳል። ከሚያፈስበት ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ስከፍተው ሃያ ሦስት የሬዲዮ ባትሪ። አንዳቸውም አላበጡም። ቻርጀሩ ላይ ስሰካቸው ግን ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ አልቀበልም ይላል። ከልክ በላይ ባዶ ሆነዋል ማለት ነው።

«ዓመት አለፋቸው» አሉ ጋሼ። «ማስወገጃ ፈቃድ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ሞተዋል ልጄ፣ አትንኪያቸው። ሬሳ ይቀበራል እንጂ አይቀሰቀስም።»

ረቡዕ 20

ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሻለቃ ጦር ይወጣል። ባትሪ ጎደለ። የጎደለው ሃያ ምናምን ነው። ሻለቃው ክፍላችን ድረስ መጡ፤ ከዚያ ሳጥን አጠገብ ቆመው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ኢንጂነር። ከእነዚህ የሚተርፍ የለም?»

ጋሼ «የለም» አሉ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም» አሉ ሻለቃው።

መምህራችን በሦስተኛ ዓመት ያለው ትዝ አለኝ። ረጅም ጊዜ ባዶ የቆየ ሊትየም ውስጡ ይጎዳል። በግድ ቢቀሰቅሱት ይነሳል፣ ጤነኛም ይመስላል፣ ቆይቶ ግን ይከዳል። ቻርጀሩ አልቀበልም የሚለውም ለዚህ ነው። ይህን አውቃለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሻለሁ።

«እሞክራለሁ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ማንም የምሩን «ኢንጂነር» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

ሐሙስ 21

ጊዜ የለም። በራሴ መንገድ ቀሰቀስኳቸው፤ ቻርጀሩን አታለልኩት። ስድስቱ ተነሱ። ከምሳ በኋላ አስራ ሁለት። ማታ ሃያ ሦስቱም። ሁሉም አረንጓዴ! አስር አለቃው አጨበጨበ፣ «ሙታን አስነሺ» አለኝ። ምሳ አልበላሁም።

በየጎናቸው የታተመውን ቁጥር በዚህ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ለጥንቃቄ ያህል ነው።

ዓርብ 22

ጋሼ ጠዋት ሲዞሩ ከሃያ ሦስቱ አንዱ ላይ እጃቸው ቆመ። 431። «ይህ ትኩሳት አለበት።» ወስደው አሸዋው ውስጥ አስተኙት።

ሄጄ አወጣሁት። ለካሁት። ልክ ነው። እንደገና ለካሁት። ልክ ነው። በሰው ፊት፣ በአስር አለቃው ፊት፣ መለኪያውን አፍንጫቸው ሥር አድርጌ «ጋሼ፣ በእጅ መዳሰስ የቀረው እኮ ድሮ ነው» አልኳቸው።

አስር አለቃው እንኳን አልሳቀም።

«እሺ ልጄ» አሉ። ብቻ 431ን ወጪ አላደርግም፣ አልፈርምበትም አሉ። ሃያ ሁለቱን ፈረሙ፤ «ኢንጂነሯ ካለች» ብለው። በሌሎቹ መሃል በቁጥር ተራቸው ገቡ። አሁን የትኛው የቱ እንደሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ 23

ወጡ። ከሰልፉ ዳር ቆሜ አየሁ። ሬዲዮ የተሸከሙት ልጆች ጀርባቸው ጎበጥ ብሏል። ሻለቃው በሁሉም ፊት «አንቺን ያስተማረ ይባረክ» አሉኝ። ለእህቴ ነገርኳት። ጨርቋን አስቀምጣ አቀፈችኝ።

ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ሰኞ 25

ጋሼ ደህና ዋልሽ ይሉኛል፣ ግን አያወሩኝም። 431 መደርደሪያው ጫፍ ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ይነኩታል። ይህ ነገር አናደደኝ። አንድ ጊዜ ሙሉ ሞልቼ፣ መልሼ አራግፌ፣ በቁጥር ባሳያቸው ያበቃል። እሳቸው ለምሳ ሲወጡ ነገ አደርገዋለሁ።

ማክሰኞ 26

እሳት። ባትሪ ክፍሉ። ጋሼ ሆስፒታል ናቸው። ልብሴ ይሸታል፣ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ነገ እጽፋለሁ።

ረቡዕ 27

ምሳ ሰዓት ነበር። እኔ መመገቢያ አዳራሽ ነበርኩ። መጀመሪያ ፉጨት የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ፤ እንደ ደመና ወፍራም። ስደርስ በሩ በጡቡ እንደተከፈተ ነው፣ ጭሱ ወደ መደርደሪያው እየገባ። ሦስት መቶ ባትሪ እዚያ አለ። ሙሉ። ሙሉ ይሁን ስለተባለ።

ጋሼ ምሳቸውን ጥለው ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጡቡን በእግራቸው መትተው በሩን ዘጉ። ከዚያ የሚነደውን ባትሪ በእጃቸው ይዘው፣ በባዶ እጅ፣ በቀኝ እጃቸው፣ ሮጠው አሸዋው ውስጥ ጣሉት። የእሳት ጓንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ።

መደርደሪያው ተረፈ። ሰፈሩ ተረፈ።

ማን እንደሰካው ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ 29

መርማሪው ሻምበል ቃሌን ተቀበለ። ጨዋ ሰው ነው፣ ውሃ ሰጠኝ። «ባትሪው ያለ ጠባቂ ተሰክቶ ነው የተገኘው። የክፍሉ ኃላፊ ማነው?» አለ።

«ሃምሳ አለቃው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ኃላፊው እሳቸው ናቸው።

«ሌላ የምትጨምሪው አለ?»

ውሃውን ጠጣሁ።

የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ አልከፈትኩትም።

እሑድ 1

እህቴ፦ «አልበላሽም።» «በላሁ።» «ድመቷ ናት የበላችው፣ አይቻታለሁ።» ከዚያ መቀሷን አስቀምጣ አየችኝ። ልጠይቅሽ እንዳትል ተነሥቼ ልብስ ማጠብ ያዝኩ። አውቃ ይሆን? ልብሱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሽታው አልለቀቀም።

ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት ልጆች በጀርባቸው። ወይም ምንም አይሆኑም። 431 እርጥበት ነክቶት ይሆናል፤ እሱ ብቻ የተለየ ይሆናል። ሃያ ሦስቱም ከአንድ ሳጥን መውጣታቸውን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ሰኞ 2

ሆስፒታል ሄድኩ። በር ላይ እንደ እስረኛ የሚጠብቃቸው ወታደር ተቀምጧል። የጋሼ ቀኝ እጅ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ለጡረታ አራት ወር ነበር የቀራቸው።

«ነገርኳቸው» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ የሰካሁት ብያለሁ። አንቺ ገና ነሽ፤ እኔ ጨርሻለሁ። አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

አልቅሼ ቢሆን ጥሩ ነበር። የተሰማኝ ግን እረፍት ነው። ይህን እዚህ ልጽፈው ይገባል፦ እጃቸውን እያየሁ ደረቴ ቀለል አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ልጄ፤ የእነዚያን የሃያ ሁለቱን ቁጥር ይዘሻል አይደል?»

«አልያዝኩም፣ ጋሼ።»

ለምን? ለምን እንዲህ አልኩ? ዝርዝሩ በእጄ ጽሑፍ ነው። ቀሰቀስኳቸው የሚል ርዕስ ሰጥቼዋለሁ፤ በኩራት፣ ሁለት ጊዜ አስምሬበት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲህ እግዜር ይወቃቸው» አሉ።

ሐሙስ 5

መገናኛ ክፍል በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። አስር አለቃው ለአንዱ እያወራ ነው፦ «የአንዱ ሬዲዮ ጋለበት አሉ። ከጀርባው እስኪያወልቀው ሸሚዙን በላው። ልጁ ተርፏል፤ ግን በሆዱ ነው የሚተኛው።»

«የየትኛው ሬዲዮ?» አለ ያኛው።

«ምን አውቄ? ባትሪ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ነው ያለው።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ የመጨረሻውን ገጽ አየሁት። ገጹ እንዳለ ነው። ይጠፋል ብዬ ነበር እንዴ?

ዓርብ 6

ሻለቃው ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገልጬ አስቀመጥኩት። «ሃያ ሁለቱም ከዚያ ሳጥን ናቸው። ጉዳት ሊኖርባቸው እንደሚችል እያወቅሁ ነው ያነሳኋቸው። 431ንም የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ሃምሳ አለቃው አልነበሩም። እሳቸው ምንም ቢሉ፣ እኔ ነኝ።»

ያስደነቀኝ አለመጮሃቸው ነው።

«ሃያ ሁለት ሬዲዮ ዝም በሉ ልበል? በዚህ ጊዜ? ሬዲዮ የሌለው ሰው እዚያ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«ጀርባው ላይ እሳት ያለበትስ?»

«መንገዱ ሲደርቅ መኪና ሌላ ባትሪ ያደርሳል።»

«ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም ማን ያውቃል፣ ጌታዬ?»

መስኮቱን አዩ። ደብተሩን ወደኔ ገፉት። «ቁጥሩ በሬዲዮ በስምሽ ይነበብ። በአንቺ ስም እንጂ በእኔ አይደለም። ከዚያ ለሻምበሉ ቃልሽን አስተካክዪ።» ከሳጥኑ የሚተርፍ እንዳለ መጀመሪያ የጠየቁት እሳቸው መሆናቸውን ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም አላነሳነውም።

ቅዳሜ 7

ቃሌን ቀየርኩ። ሻምበሉ ሲጽፍ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ቆመ። ውሃ አልሰጠኝም።

ከሰዓት መገናኛ ክፍል። አስር አለቃው ማይኩን አቀና። «ጠላት ቢሰማንስ?»

«እሱም ባትሪ ካለው ይጠንቀቅ።»

ፈገግ አለ፣ ግን እንደድሮው አይደለም። እንዲህ ብዬ የጻፍኩትን አነበበው፦

«ቁጥራቸው የሚነበበውን ባትሪዎች የያዛችሁ። ከሬዲዮው ወዲያው አውጡ። እንዳትሞሉት። ከሰውና ከጥይት አርቃችሁ አሸዋ ወይም አፈር አልብሱት። ስህተቱ የእኔ፣ የባትሪ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ነው። ያወጣችሁ መልሱ።»

ከዚያ ቁጥሩን። 407። 409። 412። አንድ በአንድ፣ ሦስት ጊዜ።

ረቡዕ 11

ዘጠኝ መለሱ። በአራት ቀን ዘጠኝ። በእያንዳንዱ መልስ ቁጥሩ ላይ መስመር እስባለሁ። የተቃጠለው ልጅ ባትሪ 416 ነበር፤ ያ ደግሞ ታወቀ። እሱን የማሰምርበት እጅ አጣሁ።

አስራ ሁለት ዝም ብለዋል።

«ለምን አይመልሱም?» አልኩ። «መልሱ ብዬ ነው የጻፍኩት። በግልጽ ጽፌአለሁ።»

አስር አለቃው የጆሮ ማዳመጫውን አውርዶ አየኝ። ሊቀልድ የፈለገ ይመስለኛል፤ እየተናገረው ግን ቀልዱ ከአፉ ወደቀ።

«ባትሪውን አውጡ አልሻቸው፤ ከዚያ መልሱ አልሽ። አውጥቶ በምን ይመልስልሽ? በፉጨት?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የመለሱት ዘጠኙ ትርፍ ባትሪ ያላቸው ናቸው። የቀሩት ያ አንዱ ብቻ ነው ያላቸው። የታዘዘኝም ዝም ይላል። ያልሰማኝም ዝም ይላል። የነደደበትም ዝም ይላል። ሦስቱ ዝምታ ከዚህ ሲሰማ አንድ ነው። መጀመሪያ መልሱ ከዚያ አውጡ ብዬ ልቀይረው? እንዲናገሩበት ሳዛቸው በጀርባቸው ላይ ቢነድስ? አልቀየርኩትም። ትዕዛዙ እንዳለ ዛሬም ተነበበ።

ሆስፒታል ሄጄ ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁጥሩን አልያዝኩም ያልኩትንም ጭምር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። በግራ እጃቸው ጀርባ ግንባሬን ነኩኝ፣ ትንሽ አቆዩት፣ ከዚያ አነሱት።

«ይኸኛው እጅ አያውቅም» አሉ።

ሰኞ 16

የጋሼ ፋሻ ተፈታ። ጣታቸው ይታጠፋል፤ የእጃቸው ጀርባ ግን ትኩስም ቀዝቃዛም አይለይም። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። ጉዳያቸው አልተዘጋም፤ ቃሌ ከፋይላቸው ጋር ተያይዟል ተባልኩ። እኔን ለጊዜው ከባትሪ ክፍል አውጥተውኛል። በሩ ተዘግቷል። ለሌላኛው ክፍል ሁለተኛ ማራገቢያ ገባለት። እኔ የጠየቅሁት ማራገቢያ።

እህቴ ስልኳን አሁን መስኮት ላይ ነው የምትሞላው፤ ከትራሷ ርቆ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

በየቀኑ ከሰዓት እየሄድኩ አስራ ሁለቱን ቁጥር አስነብባለሁ። አስር አለቃው ድምፁ ሲዘጋ እኔ አነባለሁ። ጋሼ በሄድኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ቀረ?»

«አስራ ሁለት።»

ዛሬ ውሃ የሚያመላልስ ሾፌር ወደዚያ ሊሞክር ነው፤ መንገዱ ካሳለፈው። ከዚህ ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥዬ እሰጠዋለሁ። የምጽፈው ይህን ነው፦

«407፣ 412፣ 413፣ 418፣ 419፣ 420፣ 422፣ 425፣ 426፣ 428፣ 429፣ 430። ከእነዚህ አንዱ በእጃችሁ ካለ፣ አውጥታችሁ ቅበሩት። በሬዲዮ እንድትመልሱልኝ አልጠይቅም። በሾፌሩ እጅ ላኩልኝ። በሲጋራ ወረቀት ጀርባም ይሁን፣ ቁጥሩን ብቻ ጽፋችሁ። መጻፍ የማይችል ካለ ለሾፌሩ በቃል ይንገረው። ያወጣ ሰው በሕይወት ካለ፣ አንድ ቁጥር ይበቃኛል። እባካችሁ፣ መልሱልኝ።»